የዳጉሳ እንጀራ ፍለጋ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፦ የጎጃም ምግብ ቤቶች ግምገማ

ጎጃምን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በየከተማው እያረፈ ቢበላ፣ ከደጀን እስከ ጣና ዳር የሚቀርብለት ገበታ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥብስ፣ ተጋቢኖ፣ ክትፎ፣ ፓስታ፣ ከሥራቸውም ነጭ የጤፍ እንጀራ። ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ዳር የሚገኘውን ለመብላት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ለተጓዥ ክፍት በነበረበት በአንድ የጥር ወር፣ ከሥራ ባልደረባዬና ከሹፌራችን ጋር ሰባት ቀን የፈጀ ጉዞ ያደረግነው ጎጃሜ በቤቱ የሚበላውን፣ አገው በቤቱ የሚያቀርበውን፣ የጣና ዳር ሰውም ከሐይቁ አውጥቶ የሚበላውን ምግብ በገንዘባችን ገዝተን ለመቅመስ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው የበላንባቸውን ቤቶች ግምገማ ነው። ስማቸውን የማልጠቅሰው ከእነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ በራቸው ላይ የተጻፈ ስም ስለሌላቸው፣ ስም ያላቸው ጥቂቶቹም ለወቀሳ እንጂ ለምስጋና ስላልበቁ ነው።

ከሁሉም በላይ የፈለግሁት የዳጉሳ እንጀራ ነበር። እናቴ እዚያው ጎጃም፣ ሜጫ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በልጅነቴ አያቴ ቤት ስንሄድ ከምጣድ ላይ ሞቆ የሚወጣው ቀላ ያለ እንጀራ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ዳጉሳ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የራሱ እህል ነው። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ ጤፍ በማይመቸው አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ሳይቀር ይዘራዋል፤ ነቀዝ ስለማይደፍረው በጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ በ100 ግራሙ ውስጥ 340 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ስለሚገኝበትም በዚህ ረገድ ከጤፍም ከስንዴም ይበልጣል። ይህን ሁሉ ይዞ ግን የጓዳ ምግብ ሆኖ ቀርቷል። እንግዳ ሲመጣ ነጩ ጤፍ ወደ መሶቡ ይገባና ዳጉሳው ይሸሸጋል። ምግብ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ እንግዳ ስለሆነ፣ ዳጉሳን በምግብ ዝርዝር ላይ ማግኘት ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዞው የተጀመረው እሑድ ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን፣ ሸለቆውን ሽቅብ ወጥተን ደጀን ስንደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌሮች ተሰልፈው ከቆሙበት ቤት ገብተን የቋንጣ ፍርፍር በላን፤ ቅቤው ያልተቆጠበበት፣ ቋንጣው በደንብ የደረቀ፣ ከታዘዘ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የቀረበ ጥሩ ቁርስ ነበር። ሾፌር በሚበላበት ብላ የሚለው ምክር ግን ለእኛ ዓይነቱ ፍለጋ እንደማይበቃ እዚያው ተረዳሁ። ሾፌር የሚያውቀው ሥጋው ያልከረመበትን፣ ምግቡ ቶሎ የሚደርስበትን፣ መኪናውን እያየ የሚበላበትን ቤት ነው። ይህ ትልቅ እውቀት ነው፤ ሆኖም የአካባቢውን ምግብ የት እንደምናገኝ ስንጠይቃቸው ሦስት ሾፌሮች የነገሩን ሦስት የጥብስ ቤቶች ነበር።

በደብረ ማርቆስ ያደርንበት ሆቴል ምግብ ቤት በዚህ ጉዞ ካጋጠመን ሁሉ ደካማው ነው። የምግብ ዝርዝሩ ስምንት ገጽ ሲሆን ያዘዝናቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ምግቦች «አልቋል» የተባሉ ናቸው። በመጨረሻ የቀረበልን ምንቸት አብሽ ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠብቆን መጣ፤ የተሠራውም በቅቤ ሳይሆን በዘይት ነበር። በቅቤውና በማሩ ስሙ በሚነሣ አገር እንዲህ ያለ ወጥ ማቅረብ ለእንግዳውም ለአገሩም አክብሮት ማጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ዳጉሳ እንዳላቸው ስጠይቅ ወጣቱ አስተናጋጅ በቅንነት «ጌታው፣ እሱን እኮ ቤት ነው የምንበላው» አለኝ። የተናገረው እውነት ስለሆነ በእሱ አልተቀየምሁም።

በዚያው ምሽት የሆቴሉ ዘበኛ የጠቆመን ጠጅ ቤት ግን ቀኑን ካሰው። ከደብረ ማርቆስ አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ የሚገኝ፣ በእንጨት አግዳሚ ወንበሮች የተሞላ ጠባብ ቤት ነው። ጠጅ በስኳር መጠመቅ ከጀመረ ወዲህ እውነተኛውን ለመለየት ሦስት ነገሮችን አያለሁ፤ ቀለሙ ያለ ልክ ቢጫ ከሆነ እጠራጠራለሁ፣ ሲሸተት የሰፈፍ ጠረን ከሌለው እንደገና እጠራጠራለሁ፣ ጣዕሙ በምላስ ጫፍ ላይ ጣፍጦ ጉሮሮ ላይ የጌሾውን ምሬት ካላሳየ አልጠጣውም። የዚህ ቤት ጠጅ ሦስቱንም አለፈ። ብርሌዎቹ በሚገባ የታጠቡ ነበሩ፤ ባለቤቷም ከሁለት ብርሌ በላይ ለማያውቁት ሰው አልሸጥም አሉን፤ ነገ መንገደኛ መሆናችንን ሰምተው ነበር።

ሰኞ ደምበጫን፣ ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፈን ቡሬ ላይ ምሳ በላን። ስለ ምግቡ ብዙ የሚባል የለም፤ አዋዜው ግን ሊነገርለት ይገባል፤ በርበሬው እዚያው አካባቢ የተመረተ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ከማቃጠሉ በፊት የሚጣፍጥ ነው። ግማሽ ኪሎ ድልህ ገዝተን ጉዟችንን ቀጠልን።

እንጅባራ ወይም ነዋሪው እንደሚላት ኮሶበር የደረስነው ለበዓል ዋዜማ ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በዚህች ከተማ ስለሆነ፣ አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ፣ ምግብ ማግኘት ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ቀላል ነበር። ከገጠር ለሚመጣው ሕዝብ በየአጥሩ ሥር ምግብ የሚያቀርቡ ጊዜያዊ ዳሶች ተጥለው ነበርና። በቀርከሃ አጥር ከተከበቡት ከእነዚህ ዳሶች በአንዱ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ እያወሩ ለእኛ በአማርኛ የሚያስረዱ አንዲት እናት የቀቀሉትን ድንች በላን። ድንች ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን የዚህን ጉዞ ሁለተኛውን ምርጥ ምግብ የበላሁት እዚያ ነው እላለሁ። የአዊ ደጋ ድንች ዱቄታም ነው፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ልጣጩ ሲሰነጠቅ ተነሥቶ፣ ሰፊ በሆነ ሰፌድ ላይ ተደርድሮ ይቀርባል። አጠገቡ በአነስተኛ ጣባ ለጋ ቅቤ፣ በሌላው ደግሞ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም የተፈጨ ዳጣ አለ። ድንቹን በእጅ ገምሶ፣ ቅቤውን አስነክቶ፣ ዳጣውን በጥቂቱ መጨመር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በጥር ብርድ የሚበላ ምግብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከድንቹ ጋር የገብስ ጠላ በጣሳ ይቀርባል፤ ቀጠን ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ የማያሰክር ዓይነት ነው።

ዳሱ የበዓል ዳስ ስለነበር ሌላ ጊዜ የሚሄድ ሰው አያገኘውም የሚል ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። ሴትየዋ በዘወትር ቀን ድንች ቀቅለው የሚሸጡ ሴቶች ገበያው ውስጥ እንዳሉ፣ ቅቤና ዳጣ ግን ገዢው ካልጠየቀ እንደማያቀርቡ ነገሩኝ። ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል። በበዓሉ ቀን በከተማው ምግብ ቤቶች ውስጥ የበላነው ጥብስ ግን ሰው በመብዛቱ የተቻኮለ፣ ሥጋው ያልበሰለ ነበር፤ ፈረሰኞቹን ለማየት የሚሄድ ሰው ሆቴሎቹን ትቶ ወደ ዳሶቹ ቢሄድ ይጠቀማል።

ረቡዕ ጠዋት በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ወረድን። ቀኑ የጾም ቀን፣ በከተማዋም ገበያ የቆመበት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ዳጉሳን በአምስት ምግብ ቤቶች ጠይቄ አምስቱም የለንም ብለውኝ ስለነበር፣ ባልደረባዬ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ምግቡን የሚሸጠውን ከመፈለግ ይልቅ እህሉን የሚገዛውን እንፈልግ አለ። እህል ተራ ገብተን ዳጉሳ በቁና ከምትሸጥ ወጣት ሴት ፊት ቆምን፤ አዘውትሮ ከእሷ የሚገዛ ማን እንደሆነ ጠየቅናት። ሳታመነታ ጠላ ጠማቂዎች ናቸው አለችን። እውነት ነው፤ የዚህ አገር ጥሩ ጠላ ከዳጉሳ ይጠመቃል። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ዳጉሳ ከቤቷ አይጠፋም፤ ዳጉሳ ካለ ደግሞ ቤተሰቡ የሚበላው እንጀራ ከእሱ የመጋገሩ ዕድል ሰፊ ነው። እህል ሻጯ ከገበያው ጀርባ ያለችውን አንዲት ጠማቂ ጠቆመችን። ምልክቱም የታወቀው ነበር፤ ከአጥሩ በላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ወለሉ በአፈር ተለቅልቆ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት፣ ግድግዳውን ተከትሎ መደብ የተሠራበት ነው፤ የኋለኛው ጓዳ ሲሆን ጋኖቹ እዚያ ተደርድረዋል። ባለቤቷ ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ እናት ናቸው። ጠላ አዘዝን፤ ቀጥሎም የሚበላ ካለ ከሚበሉት ላይ እንዲያካፍሉን ጠየቅን። ጤፍ እንጀራ ከጎረቤት ላስመጣ አሉ። የምንፈልገው ዳጉሳ መሆኑን ስንነግራቸው ደነገጡ።

«ኧረ ምን በወጣዎት! ለእንግዳ ዳጉሳ ይቀርባል? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«እናቴ፣ እኔም የሜጫ ሰው ልጅ ነኝ፤ አያቴ ቤት በልቼ ያደግሁት ነው» አልኋቸው። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስለ አያቴ ቀበሌና ስለ ደብሩ እንጂ ስለ ምግቡ አልነበረም። ምላሼ ሳያጠግባቸው አልቀረም፤ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያመጡልን ለቤተሰቡ ከተጋገረው የተረፉ ሦስት እንጀራዎችን ነው። ቀለማቸው ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ፣ ዓይናቸው ከጤፍ እንጀራ ዓይን ያነሰና የጠበቀ፣ ጣዕማቸው ጎምዘዝ ብሎ በመጨረሻው ላይ የተቆላ እህል የሚያስታውስ ነበር። የዳጉሳ እንጀራ ከተጋገረ በማግሥቱ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ የቀረበልን ደግሞ የትናንቱ ስለነበር ይህ ጉድለት በግልጽ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ አብሮት የቀረበው ወጥ ጉድለቱን ሸፈነው። የተልባ ፍትፍት ነበር፤ ተልባው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ተጨምሮበት ደረቁን እንጀራ መልሶ ለስላሳ አደረገው። ከዚያም በትንሽ ገበቴ ስልጆ መጣ። ስልጆ በከተማ ምግብ ቤቶች እየጠፋ ያለ የጾም ምግብ ስለሆነ ጥቂት ልበልበት። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውኃ ጋር እንደ ቀጭን ገንፎ ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ የሰናፍጭ ዱቄት ገብቶበት፣ ነጭ ሽንኩርቱና ጤና አዳሙ ታክሎበት ለቀናት ይቦካል። የሚቀርበው ቀዝቅዞ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ የዋህ ይመስላል፤ ከአፍታ በኋላ ሰናፍጩ ወደ አፍንጫ ወጥቶ ዓይንን በዕንባ ይሞላል። የእሳቸው ስልጆ አምስት ቀን የቦካ ነበር፤ ጎምዛዛነቱና ቃጠሎው እኩል የተመዘኑ፣ አንዱ ሌላውን ያልዋጠው። ሹፌራችን፣ በሦስት ቀን ሙሉ ከጥብስ በቀር ያልጠየቀው ሰው፣ ገበቴውን በእንጀራ ጠርጎ ጨረሰው።

ጠላውም የሚገባውን ያህል ይነገርለት። ከዳጉሳ የተጠመቀ በመሆኑ ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ ጌሾው በልክ የገባበት ነው፤ ጉሹን ሳይሆን የጠለለውን ነው የሰጡን። እዚህ ላይ አንድ ጉድለት መጥቀስ ግዴታዬ ነው፤ ጣሳዎቹ የሚለቀለቁት በአንድ ባልዲ ውኃ ነበር፤ ሆዱ የማይችል ሰው የራሱን ኩባያ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ልንሄድ ስንነሣ ትኩስ የዳጉሳ እንጀራ የሚገኘው መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሊጡ እንዲበስል ሦስት ቀን እንደሚያስፈልገው፣ ዛሬ ከቦካ ለቅዳሜ እንደሚደርስ ነገሩኝ። ቅዳሜ ስንመለስ እንደምናልፍ ቃል ገብተን፣ ቀብድ ልንሰጥ ብንሞክር አልቀበልም አሉ።

ባሕር ዳር ላይ ሁለት ዓሣ ቤቶችን ማነጻጸር ቻልን። የመጀመሪያው ከሐይቁ ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል ሰገነት ላይ ያለ ነው። ዕይታው ያማረ፣ የጠረጴዛ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ የቀረበልን ኮተሌት ግን ብዙ ጊዜ በጠበሰ ዘይት የተጠበሰ ስለነበር ከዓሣው ይልቅ ዘይቱ ይጣፍጥ ነበር፤ ዓሣውም በማቀዝቀዣ የሰነበተ መሆኑ ሥጋው ሲላላ ይታወቃል። ሁለተኛው ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ በሚወስድ ቅያስ ያለ የቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ ዓሣው ሳይበለት ለበላተኛው ይታያል። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ ቆሮሶ መርጠን ግማሹን ሙሉ ጥብስ፣ ግማሹን ለብለብ አዘዝን። ሙሉ ጥብሱ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ስለሚጠበስ ጥርት ብሎ ይሰበራል፤ አዋዜና ሎሚ ብቻ ይበቃዋል። የበለጠ የወደድሁት ግን ለብለቡን ነው፤ የተከተፈው ሥጋ በቃሪያና በሽንኩርት መካከል ለአፍታ ብቻ እሳት ያየ ነበር። ዋጋው ሆቴሉ ካስከፈለን ከግማሽ በታች ነው።

ስለ ዓሣው ዓይነት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ የሚያጠምዳቸውም ዕንቁላላቸውን ሳይጥሉ ነው። በክረምት የሚሄድ ተመጋቢ ባርበሱን ትቶ ቆሮሶ ቢያዝዝ፣ ልጆቹም የሚበሉት ዓሣ ይተርፋቸዋል። ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ብዙ ክርስቲያኖች አይበሉትም፤ እኛም ባለመብላታችን ልፈርድበት አልችልም። ሆኖም በሐይቁ ዳር አንዲት የነገደ ወይጦ እናት በደንገል ታንኳ የመጣ ዓሣ ጠብሰው ሲሸጡ አግኝተን ቆሮሶ ገዛናቸው፤ በጨው ብቻ የተጠበሰ፣ ከውኃ በወጣ በሰዓት ውስጥ የተበላ ዓሣ ነበር፤ ከቆርቆሮ ቤቱ ጋር ለመወዳደር የቀረው የሚቀመጡበት ወንበር ብቻ ነው። ለዘመናት ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ በከተማዋ ዓሣ ቤቶች ውስጥ ቦታ የሌለው መሆኑ አሳዝኖኛል።

ዓርብን በዘጌ አሳለፍን። በገዳማቱ ሥርዓት መሬቱ ስለማይታረስ የባሕረ ገብ መሬቱ ሰው የሚኖረው ከቡናና ከጌሾ ነው፤ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲወርዱ በመንገዱ ዳር የሚፈላው ቡና ከዚያው ጫካ የተለቀመ ነው። ሦስቱንም ስኒ ሳይጠጡ ጀልባው እንዳያመልጥ መቸኮል አይገባም፤ ከባለጀልባው ጋር የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ መነጋገር ይበቃል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳንግላ ደረስን። ምጣዱ ተጥዶ፣ ጭሱ ከቤቱ ጣሪያ ላይ እየተነሣ ነበር። እናታችን አክንባሎውን ሲያነሡ የወጣው እንፋሎት የአያቴን ጓዳ ሽታ ይዞ መጣ። ትኩሱ የዳጉሳ እንጀራ ከረቡዑ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይለሰልሳል፣ ጎምዛዛነቱም ገና ለጋ ነው። ጾም ስላልነበረ በላዩ ለጋ ቅቤና ሚጥሚጣ ቀብተው፣ አይብ ከጎኑ አድርገው አቀረቡልን። ሒሳብ ስንጠይቅ የጠላውን ብቻ ቆጠሩ፤ ዳጉሳ ሸጠው እንደማያውቁ ነገሩን። ብዙ ተከራክረን በጤፍ እንጀራ ዋጋ ተስማማን። ገንዘቡን በመቀነታቸው ሲቋጥሩ ከመደቡ ማዶ ጠላ ሲጠጡ የነበሩ ሁለት የበርበሬ ነጋዴዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናታለም፣ ለእኛም ከእሱ ይበሉልን» አሏቸው፤ እሳቸውም እንደገና ወደ ምጣዱ ተመለሱ።